አለቃ ከመሆን በፊት ራስን ማወቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ መልካም አስተዳደርና ስለ አለቆች ሥልጠና በጋዜጣዎ ላይ በየጊዜው የሚወጣውን ጽሑፍ ተከታትዬ አነባለሁ። እኔም በመንዝ ደጋ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ስለ ሆንሁ፥ በዚህ ጉዳይ የደረሰብኝን፥ ይልቁንም እኔ በሌላ ሰው ላይ ያደረስሁትን፥ ለአንባቢዎች ባቀርበው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጻፍሁ። ነገሩ የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነገር ነው፤ ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚነካው ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር ሆኜ ተሾምሁ። ዕድሜዬ ገና ሠላሳን የተሻገረ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ከሁሉ አስቀድሞ የተማርሁት የደወልን ክብር ነበር። ደወል ሲደወል የተቀመጠው ይነሣል፥ የሚናገረው ዝም ይላል፥ የሚሮጠው ይሰለፋል። ስለዚህ ሥልጣን በእጄ በገባ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጧት ሁለት ሰዓት ሲሆን የግቢው በር እንዲዘጋ፥ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ተማሪም ወላጁን ይዞ እስኪመጣ ድረስ እንዳይገባ ማዘዝ ነበር። ትእዛዙን በወረቀት አስጽፌ፥ ማኅተም አስመትቼ፥ በበሩ ላይ አስለጠፍሁት። እውነቱን ለመናገር፥ ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ አርፍዶ ከበር ተመለሰ። ወላጁን ይዞ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አንድ ሳምንት ሆነ፥ ሁለት ሳምንት ሆነ። እኔም በመዝገቡ ላይ «አቋርጧል» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍሁና ልጁን ረሳሁት።

አንድ ሰኞ ጧት ከደብረ ብርሃን ስመለስ አንድ ሽማግሌ ባናቸውን ደርበው፥ ከተዘጋው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሮጦ በሩን ከፈተልኝና እጅ ነሣኝ። ሽማግሌው ተነሡ።

«መምህር፥ እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፥ አባቴ። ምን ልታዘዝ?»

«የዚያ ልጅ አያት ነኝ» አሉና ስሙን ነገሩኝ። «አባት የለውም። እናቱ ታማ ከተኛች ቆይታለች። ጧት ከብቱን አሰማርቶ፥ ውሃ ቀድቶላት ነው ከቤት የሚወጣው። ወላጅ አምጣ ባሉት ጊዜ እኔን እግሬ እምቢ ብሎኝ ነበር። ልጁም አፈረ፤ ትምህርቱን ትቶ ደብረ ብርሃን ለቀን ሥራ ሄደ።»

እኔም የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። «አባቴ፥ ትእዛዙ ለሁሉም እኩል ነው» አልኋቸው።

ሽማግሌው ወደ በሩ ተመልክተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያሰሙ፥ እንደ ምክር አድርገው፥ እንዲህ አሉኝ። «እኔ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ በሩ ለማን እንደሚከፈት አይቻለሁ። ድሮ ጓሳ ሲዘጋ አለቃው አስቀድሞ የራሱን ከብት ያስወጣ ነበር ብሎ አባቴ ነግሮኛል። እርስዎ ግን፥ መምህር፥ የሰዉን ከብት አስወጥተው የራስዎን እዚያው ውስጥ ተዉት።»

የጓሳን ነገር ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፥ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፥ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሣር ምድር ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ስሙን ሰጥቶታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለርስቶች በየወገናቸው አለቃ መርጠው፥ ምድሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስም ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍቱታል። ይህ ሥርዓት ከአራት መቶ ዓመታት በላይ እንደ ቆየ ይነገራል። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀ ጊዜ የርስት መብት ስለ ቀረ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቆመው።

እንግዲህ አስቡት። ከብቱ እየራበው፥ አጥር የሌለውን ሣር አልነካም ብሎ ሦስት ዓመት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ይህን የሚያደርገው የመረጠው አለቃ ከእርሱ ጋር አብሮ ሲታገሥ ካየ ብቻ ነው። አንድ ቀን የአለቃው በሬ በጓሳ ውስጥ ቢታይ በማግሥቱ የሁሉም በሬ እዚያው ይገኛል። ሽማግሌው በሁለት ዐረፍተ ነገር የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛውን የመግቢያ መዝገቡን እንዲያመጣልኝ አዘዝሁትና የራሴን ስም ፈለግሁ። ትእዛዙ ከወጣ ወዲህ ካለፉት ዘጠኝ ሰኞዎች በስድስቱ አርፍጄ ገብቻለሁ። ይህን ያህል መሆኑን ፈጽሞ አላውቀውም ነበር። ሐሰተኛ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ሰው አስቀድሞ «ታረፍዳለህን?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ «አላረፍድም» ብዬ በእርግጠኝነት እመልስለት ነበር። ለምን? የእኔ ማርፈድ ምክንያት ስለ ነበረው ነው። አውቶቡሱ ዘገየ፥ መንገዱ ጭቃ ሆነ፥ ጉም ወረደ። የራሴን ምክንያት ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ፤ የልጁን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ ስንፍና ነው አልሁት። ለራሳችን ጠበቃ፥ ለሌላው ዳኛ የምንሆነው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ነገሩን ወደ ታች ስቆፍረው ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ያንን ወረቀት ባየሁት ቁጥር ደስ ያለኝ ለምን ነበር? በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ መምህራን አያከብሩኝም የሚል ፍርሃት በልቤ ነበረ። እነርሱን ማዘዝ ስለ ፈራሁ፥ መልስ የማይሰጡኝን ልጆች አዘዝሁ። የተዘጋው በር የእኔ ድፍረት ሆኖ ታየኝ። ይህን ለራሴ መናገር ጥቂት ቀን ፈጀብኝ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይቀላል።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እስከማውቀው ድረስ ሁላችንም የምንሰማው እንዲሁ ነው፤ ተረቱ ሲነገር ወደ ጎን እንመለከታለን እንጂ ወደ ምድጃችን አንመለከትም።

እ.ኤ.አ. በ1955 ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሰውን ጠባይ አራት ክፍል ባለው መስኮት መስለው አቅርበውታል። በመጀመሪያው ክፍል እኔም ሌላውም የምናውቀው ጠባዬ አለ። በሦስተኛው እኔ አውቄ ከሰው የደበቅሁት አለ። በአራተኛው እኔም ሌላውም የማናውቀው አለ። ሁለተኛው ግን ሌላው ሰው ሁሉ እያየው እኔ ብቻዬን የማላየው ነው። የእኔ የሰኞ ጧት ነገር በዚህ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነበረ። ዘበኛው ያውቀዋል፤ ተማሪዎቹ ያውቁታል፤ መምህራኑ በሻይ ሰዓት ይሥቁበት ኖሯል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ወረቀቱን ያስለጠፍሁትም እኔ ነበርሁ።

የአለቃ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ተራ ሰው ጥፋቱን ሳያውቅ ቢቀር ሚስቱ ትነግረዋለች፥ ጎረቤቱ ይነግረዋል፥ ጓደኛውም ይቀልድበታል። ሰው ሲሾም ግን በዙሪያው ያለው አንደበት ሁሉ ይታሰራል። ዘበኛው ሮጦ በር ይከፍታል እንጂ «ጌታዬ፥ አርፍደዋል» አይልም። ስለዚህ ሹመት ከፍ ባለ መጠን ያ የማይታየው የመስኮት ክፍል እየሰፋ ይሄዳል። ራሱን የመመርመር ልማድ ሳይዝ የተሾመ ሰው ከሹመቱ በኋላ ያን ልማድ የሚያስይዘው አያገኝም። «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚባለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በአገራችን ታሪክም የዚህ ምሳሌ አለ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙ ናቸው። አባታቸው ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ እርሳቸው ከዚህ ከእኛ ደጋ ብዙ በማይርቀው በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን በሸዋ አዲስ ገዢ ሲነሣ ወንድሞቹንና የቅርብ ዘመዶቹን ይዞ በጎንቾ ማሰር ልማድ ነበር፤ ሣህለ ሥላሴም እንደ ልማዱ አደረጉ። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ በ1830ዎቹ ዓመታት ግን እነዚያ እስረኞች እንዲፈቱ አዘዙ። በዚያ ጊዜ በሸዋ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ይህን በመጽሐፉ ጽፎታል፤ ለራሱ ምክር ትልቅ ድርሻ ቢሰጥም፥ ሰንሰለቱን ያስፈታው የንጉሡ ቃል ነው።

እነዚያ ሰዎች ያን ያህል ዘመን የታሰሩት በምን ጥፋት ነበር? ከንጉሥ ቤት መወለዳቸው ብቻ ነው። እኔ እንደማስበው በጎንቾ ታስሮ የነበረው የገዢው ፍርሃት ነው። ሰው ፍርሃቱን ፍርሃት ብሎ እስካልጠራው ድረስ «ጥንቃቄ» ይለዋል፥ «ልማድ» ይለዋል፥ «ሥርዓት» ይለዋል፤ ሌላውንም በእርሱ ምክንያት ያስራል። በየመሥሪያ ቤታችንስ ስንት ጎንቾ አለ? ከአለቃው ይልቅ ሥራውን አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ወጣት ጸሐፊ በማኅደር ክፍል ጥግ ተቀምጦ፥ ዓመት እስከ ዓመት የተላከና የመጣ ደብዳቤ ሲቈጥር የምናየው በምን ጥፋቱ ነው? አለቃው ቢጠየቅ «ገና ልምድ የለውም» ይላል። ማታ ብቻውን ሲሆን ቢጠየቅ ግን ሌላ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል።

«ለዚህ እኮ ሥልጠና ይሰጣል» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔም ሠልጥኛለሁ። ሦስት ቀን በአዳራሽ ተቀምጠን ስለ መሪነት የተጻፈ ነገር አየን፥ ሻይ ጠጣን፥ አበላችንን ፈርመን ተቀበልን፥ የምስክር ወረቀትም ተሰጠን። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ከመካከላችን አንድም ሰው ስለ ራሱ ያልነበረውን ዕውቀት ይዞ የወጣ አይመስለኝም፤ ሁላችንም ትምህርቱ ለበላይ አለቆቻችን ቢሰጥ ምንኛ መልካም ነበር እያልን ተመለስን።

«ሂስና ግለ ሂስም አለ» የሚል ይኖራል። አለ። ቃሉ ከ1960ዎቹ የአብዮት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ ገብቷል። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ፍሬው ብዙ ጊዜ ያነሰው ግን፥ በጉባኤ ፊት በግዴታ የሚወጣ ቃል ከልብ የሚወጣ ስላይደለ ነው። ሰውየው ተነሥቶ «ሥራ ስለምወድ አንዳንድ ጊዜ በቁጣ እናገራለሁ» ይላል፤ ይህ ምስጋናን በወቀሳ ልብስ ማቅረብ ነው። የሚነቅፈውም አንዳንዱ ቂሙን ይወጣል፥ አንዳንዱም ነገ በእርሱ ላይ እንዳይመጣበት ዝም ይላል። ጥፋት የዱላ መምቻ በሚሆንበት ስፍራ ጥፋቱን የሚፈልግ ሰው አይገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሮምን ከ161 እስከ 180 እ.ኤ.አ. የገዛው ማርቆስ አውሬልዮስ፥ በጦር ሰፈር ሳለ እንኳ፥ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ ነበረው፤ በዚያም ራሱን ይገሥጻል፥ ራሱን ይመክራል። ያን ያህል ሠራዊትና ያን ያህል አገር በእጁ የነበረ ሰው ማታ ማታ ራሱን እንደ ደቀ መዝሙር ቍጭ አድርጎ ካስተማረ፥ የአንድ ክፍል ኀላፊ ይህን ለማድረግ ጊዜ የለኝም ሊል አይገባውም። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ከመኝታ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለን «ዛሬ ማንን በደልሁ? ምንስ ሳላደርግ ቀረሁ?» ብለን እንድናስብ ያደርጉን ነበር። አድጌ ስሾም ከዚያ ትምህርት ቤት የጧቱን ደወል ይዤ መጣሁ፤ የማታውን ዝምታ ግን እዚያው ትቼው ነበር። አባቶቻችን በንስሐ አባት ፊት፥ ወይም በእምነት ወንድም በሆነ ሽማግሌ ፊት ያደርጉት የነበረውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከደረሰብኝ የተማርሁትን በሦስት ነጥብ ላቅርብ።

አንደኛ፤ አለቃ የሆነ ሰው ለሌላው የሚያወጣውን ትእዛዝ አስቀድሞ አንድ ወር በራሱ ላይ ይሞክረው። እኔ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ሳይለጠፍ ይቀር ነበር፤ ወይም የሩቅ ቀበሌ ልጆችን የሚያይ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛ፤ ማታ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻውን ይቀመጥና በዚያ ቀን በማን ላይ በር እንደ ዘጋ፥ ለማንስ እንደ ከፈተ በደብተር ይጻፍ። «ነገ ተመለስ» ያለውን ባለጉዳይ ፊት ያስታውስ፤ ከየት እንደ መጣ፥ ለአውቶቡስ ስንት እንደ ከፈለ፥ ሌሊቱንስ የት እንደሚያድር ይገምት። ይህን ደብተር ለማንም ማሳየት አያስፈልግም። ሌባና አስመሳይ ካልሆነ በቀር ሰው ለራሱ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አይዋሽም።

ሦስተኛ፤ ከበታቹ ካሉት ሰዎች አንዱን፥ ምንም ቢናገር ደመወዙም ዕድገቱም እንደማይነካበት አረጋግጦለት፥ የሚያየውን እንዲነግረው ይለምነው። ሲነግረውም መልስ አይስጥ፥ ምክንያት አይደርድር፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይሂድ። እኔ ይህን የለመንሁት ያንኑ ዘበኛ ነው። ለአንድ ወር ያህል ምንም አልነገረኝም፤ አላመነኝም ነበር። በሁለተኛው ወር «ጌታዬ፥ ትናንት ያቺን ልጅ በሰው ፊት የተናገሯት ቃል ከባድ ነበር» አለኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ሦስት ምክንያት መጥቶ ነበር፤ እንደ ምንም ዋጥሁት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት አገራችንን ብዙ ጎድቷል። ይህ ስለ ጉቦ ብቻ የተነገረ አይደለም። ክብርም ይበላል፤ የሰው ጊዜም ይበላል፤ የሕፃን ልጅ ዓመትም ይበላል። እኔ ገንዘብ አልበላሁም፤ ነገር ግን ያ ልጅ ያጣው ዓመት የበላሁት ነው።

አንባቢ የልጁን ፍጻሜ ይጠይቅ ይሆናል። በዚያው ሳምንት ሽማግሌውን ተከትዬ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ለእኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈጀብኝ የዳገት መንገድ ነው፤ ልጁ ግን ይህን መንገድ በየቀኑ ደርሶ መልስ ይሄደው ነበር። እናቱ ከተኛችበት ቀና ብላ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ፤ ለልጁም መልእክት ላክን። የዚያ ዓመት ትምህርት ግን አልፎ ነበር። በሚቀጥለው መስከረም ተመልሶ ገባ፤ የክፍል ጓደኞቹ አንድ ክፍል ቀድመውታል። ከደረጃ ወደ ደረጃ በሚገባ እየተማረ ነው። በመንገድ ሲያገኘኝ ቆም ብሎ «ጤና ይስጥልኝ፥ መምህር» ይለኛል፤ ዐይኔን ግን አያየኝም። ይህን ለማረም የሚያስችል መመሪያ አላገኘሁም።

ወረቀቱን ከበሩ ላይ እኔው ራሴ አንሥቼዋለሁ። በሩ ዛሬም ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ መዘጋቱ ይገባል። ነገር ግን ያረፈደ ሁሉ ገብቶ ምክንያቱን ይጠየቃል፤ መምህርም ቢሆን፥ ምክትል ርእሰ መምህርም ቢሆን፥ እንደ ተማሪው ሁሉ በዚያው መዝገብ ላይ ስሙን ከነምክንያቱ ይጽፋል። በሰኞ ዕለትም ከደብረ ብርሃን የምመለሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆኗል።

ይህን የጻፍሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ መውቀስ ብፈልግ ከራሴ ወዲያ መሄድ አያስፈልገኝም። ነገ ጧት ወደ ቢሮው ሲገባ በር የሚከፈትለት እያንዳንዱ ኀላፊ፥ ከበሩ አጠገብ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ የተቀመጠ ሰው መኖሩንና አለመኖሩን ዘወር ብሎ ይመልከት ብዬ ግን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከመንዝ